የጣሊያንና የሲሲሊ ምግብ ለማብሰል ጓዳችሁን እንዴት ታዘጋጃላችሁ?

«ከፓስታ በስልስና ከላዛኛ ውጪ የጣሊያን ምግብ ቤቴ መሥራት እፈልጋለሁ፤ ምን ምን ልግዛ?» የሚል ጥያቄ በየጊዜው ይደርሰኛል። አብዛኞቹ ጠያቂዎች ረጅም ዝርዝር ይጠብቃሉ። ረጅም ዝርዝር ግን ገንዘብ ያስወጣችኋል እንጂ እራት አያበላችሁም። ዋናው ነገር ቅደም ተከተሉ ነው፦ መጀመሪያ ምን ይገዛል፣ ምኑ ይቆያል፣ የትኛው ከሰፈር ሱቅ ይገኛል፣ የትኛውን ግን በሌላ መተካት አይቻልም።

መለኪያው ይህ ነው። ማታ ደክሟችሁ ቤት ገብታችሁ፣ ሱቅ ሳትወጡ፣ ጓዳ ባለው ነገር ብቻ እራት መሥራት ከቻላችሁ ጓዳው ሞልቷል ማለት ነው።

በደቡብ ጣሊያን ያለችውን የሲሲሊን ደሴት ለይቼ የማነሣት ጓዳዋ ከሰሜን ጣሊያን ስለሚለይ ነው። ሰሜኑ ወደ ቅቤና ክሬም ያደላል። ሲሲሊ ግን በወይራ ዘይት፣ ጨው ውስጥ በተቀመጠ ዓሣ፣ በካፐር (በጨው በሚቀመጥ የቁጥቋጦ እምቡጥ)፣ በዘቢብ፣ በአልመንድ፣ በሽምብራና በባቄላ ትሠራለች። ለጾመኛ ቤት ይህ ትልቅ ነገር ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

በመጀመሪያ ዙር የሚገዙ፦
- ፓስታ፣ 3 ዓይነት ቅርጽ
- የቆርቆሮ ቲማቲም፣ ሳይከተፍ ሙሉውን የታሸገ፣ 4 ቆርቆሮ
- የቲማቲም ድልህ፣ ትንሹ መጠን
- ኤክስትራ ቨርጂን የወይራ ዘይት፣ ግማሽ ወይም 1 ሊትር
- አንቾቪ (በጨው ወይም በዘይት የታሸገ ትንሽ ዓሣ)
- ጨው ውስጥ የተቀመጠ ካፐር
- በወይራ ዘይት የታሸገ ቱና፣ 2 ቆርቆሮ
- የደረቀ ኦሬጋኖ፣ ሙሉ የደረቀ ቃሪያ፣ ቁንዶ በርበሬ
- ሽምብራ
- ጥሩ ፎርማጆ፣ አንድ ቁራጭ
- ሻካራ የባሕር ጨው
- ነጭ ሽንኩርትና ቀይ ሽንኩርት (እነዚህ መቼም ከቤት አይጠፉም)

በሁለተኛ ዙር፦ የወይን አቼቶ፣ የወይራ ፍሬ፣ ዘቢብ፣ የጥድ ፍሬ ወይም አልመንድ፣ የሽምብራ ዱቄት፣ ነጭ ቦሎቄ፣ የባቄላ ክክ፣ የሪዞቶ (በመረቅ ቀስ እያለ የሚበስል ምግብ) ሩዝ፣ ደቃቅ ሰሞሊና (ከጠንካራው የዱረም ስንዴ የሚፈጭ)።

በሦስተኛ ዙር፣ ሲመቻችሁ፦ ሳፍሮን፣ ፒስታቺዮ፣ የሲሲሊ ፔኮሪኖ፣ ማርሳላ የወይን ጠጅ፣ ቦታርጋ (ጨው ገብቶበት የደረቀ የዓሣ እንቁላል)።

ከዕቃ፦ አየር የማያስገባ ክዳን ያላቸው የመስታወት ማሰሮዎች፣ የወጥ ቤት ሚዛን፣ መፈቅፈቂያ፣ ወንፊት፣ የሚለጠፍ ወረቀትና እስክሪብቶ።

አሠራሩ

1. ጓዳውን ባዶ አድርጉና ቦታ ምረጡ።

ያለውን ሁሉ አውጡ። ቀን ያለፈበትን ለዩ። ዘይቱን አሽትቱ፤ የአሮጌ ለውዝ ወይም የቀለም ሽታ ካለው አርጅቷል። ቅመሙን በጣታችሁ ፈትጉት፤ ካልሸተተ ምግብም ውስጥ አይሸትም።

ከዚያ ከምድጃው የራቀ፣ ፀሐይ የማይመታው መደርደሪያ ምረጡ። ዘይት፣ ለውዝና ቅመም በሙቀትና በብርሃን ነው የሚበላሹት። ከምድጃው በላይ ያለው መደርደሪያ ለእጅ ይመቻል፤ ለዘይት ግን የከፋው ቦታ እሱ ነው።

2. ፓስታ በሦስት ቅርጽ ግዙ።

አንድ ረጅም፦ ስፓጌቲ። አንድ ባለ ቀዳዳ፦ ሪጋቶኒ ወይም ፔኔ። አንድ ትንሽ፦ ዲታሊኒ። ሦስት የሆነበት ምክንያት አለ። ረጅሙ በዘይት ለሚሠራና ለቀጭን ስልስ ይስማማል። ባለ ቀዳዳው ሥጋና ቁርጥራጭ አትክልት ያለበትን ወፍራም ስልስ ይይዛል። ትንሹ ከሽምብራና ከቦሎቄ ጋር በማንኪያ ይበላል።

ማሸጊያውን አንብቡ። የዱረም ስንዴ ሰሞሊናና ውሃ፣ ሌላ ምንም መሆን የለበትም። ተራ የዳቦ ስንዴ ከተቀላቀለበት ፓስታው ድስት ውስጥ ይለጠፋል፣ ውሃውም ወፍራም ይሆናል። የፕሮቲኑን መጠንም እዩ፤ ከ100 ግራም ውስጥ 13 ግራምና ከዚያ በላይ ከሆነ ጥሩ ነው። ቀጥሎ በማሸጊያው መስኮት ፓስታውን ተመልከቱ። ነጣ ብሎ ዱቄት የነካው የሚመስለውና ሻከር ያለው በነሐስ ቅርጽ ማውጫ የወጣ ነው፤ ስልሱ ይይዝበታል። ቢጫና የሚያብረቀርቅ ከሆነ ስልሱ ተንሸራቶ ሳህኑ ሥር ይቀራል። አገር ውስጥ የተመረተም ሆነ ከውጭ የመጣ፣ መመዘኛው አንድ ነው።

ሲሲሊ ውስጥ ለገባ ሰው ደግሞ ሌሎች ቅርጾች አሉ፦ ለሰርዲን ፓስታ ቡካቲኒ፣ ለፓሌርሞ የፉርኖ ፓስታ ቀለበት የሚመስለው አኔሌቲ፣ ለትራፓኒ የአልመንድና የቲማቲም ፔስቶ (ሳይበስል የሚወቀጥ ስልስ) ጥምዝምዙ ቡዚያቴ። ለጊዜው ይቆዩ።

አዲስ አበባ ለምትኖሩ አንድ ነገር ልጨምር። ማሸጊያው ላይ ያለው ደቂቃ የተጻፈው በባሕር ጠለል ላይ ውሃ በ100 ዲግሪ ሴልሺየስ እንደሚፈላ ታስቦ ነው። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃው በ92 ገደማ ይፈላል። ስለዚህ ፓስታው ከተጻፈው ደቂቃ አልፎ ሊሄድ ይችላል። ሰዓት አትመኑ፤ ቅመሱ። ለ100 ግራም ፓስታ 1 ሊትር ውሃና 10 ግራም ጨው በቂ ነው።

3. ቲማቲም፦ ሙሉውን ግዙ፣ ድልህን ቀንሱ።

የተከተፈ የቆርቆሮ ቲማቲም የሚመች ይመስላል። ነገር ግን ቅርጹን እንዲጠብቅ ብዙ ጊዜ ካልሲየም ክሎራይድ ይገባበታል፤ ስለዚህ ስልስ ስትሠሩበት አልፈርስ ይላል። ሙሉው ግን በእጅ ጭምቅ ሲደረግ ወዲያው ይፈርሳል። ዝርዝሩ ላይ ቲማቲም፣ የቲማቲም ጭማቂ፣ ምናልባት ጨውና ሲትሪክ አሲድ ብቻ ይኑር። ስኳር ወይም ስታርች ካለ መልሱት።

«ሳን ማርዛኖ» የሚለው ስም ዋጋ ያስጨምራል። እውነተኛው በኔፕልስና በሳሌርኖ አካባቢ የሚበቅልና የዲኦፒ (የአካባቢውን ስም የሚጠብቅ የአውሮፓ) ማኅተም ያለበት ነው፤ ማኅተሙ ቀይና ቢጫ ክብ ነው። ማኅተም ከሌለ ለስሙ ብላችሁ አትክፈሉ። በቆርቆሮ ፋንታ የበሰለ፣ ጥልቅ ቀይ የገበያ ቲማቲም ካገኛችሁ በፈላ ውሃ ነክራችሁ፣ ልጣችሁ ተጠቀሙ፤ በጣም ጥሩ ነው።

ድልህ ደጋፊ ነው። ለአራት ሰው ስልስ አንድ የሾርባ ማንኪያ ይበቃል። እሱንም ዘይቱ ውስጥ ለሁለት ደቂቃ ጠበስ አድርጉት፤ ጥሬ ጥሬ የሚለው ጣዕም የሚጠፋው ያኔ ነው። ስልሱን ሙሉ በሙሉ በድልህ መሥራት ግን ጎምዛዛና ከባድ ያደርገዋል። ሲሲሊዎች ቲማቲሙን ጨው ነስንሰው ፀሐይ ላይ እያደረቁ የሚያዘጋጁት «ስትራቱ» የሚባል ጥቁር ቀይ ድልህ አላቸው፤ ካገኛችሁት ግማሽ ማንኪያው ብዙ ይሠራል።

> ማስጠንቀቂያ፦ ያበጠ ወይም ሲከፈት የሚተፋ ቆርቆሮ ሳይቀመስ ይጣል። የተከፈተ ቲማቲም በቆርቆሮው ውስጥ አይቀመጥ፤ ወደ መስታወት ገልብጡት፣ ፍሪጅ ውስጥ በ3 ወይም በ4 ቀን ጨርሱት። የተረፈውን ድልህ በማንኪያ በማንኪያ ወረቀት ላይ አድርጋችሁ ፍሪዘር ውስጥ እስኪጠጥር አስቀምጡትና በላስቲክ ሰብስቡት።

4. ዘይት ሁለት ይሁን።

የወይራ ዘይት ስትገዙ «ኤክስትራ ቨርጂን» የሚለውን፣ በጥቁር ጠርሙስ ወይም በቆርቆሮ ያለውን ምረጡ። ግልጽ ጠርሙስ ሱቅ ውስጥ ካለው መብራት አይጠብቀውም። ከመጠቀሚያ ጊዜው ይልቅ የተለቀመበትን ዓመት ፈልጉ፤ የወይራ ዘይት እንደ ወይን ጠጅ እየቆየ አይሻሻልም፣ ይደክማል እንጂ። ከተከፈተ በሁለት ወር ገደማ ለመጨረስ ሞክሩ። ስለዚህ የ5 ሊትር ጀሪካን በርካሽ አገኘሁ ብላችሁ አትደሰቱ፤ ቤተሰቡ ትልቅ ካልሆነ ግማሹ አርጅቶ ነው የምትጠቀሙት።

ጥሩ ዘይት ጉሮሮን ቆንጠጥ ያደርጋል። ይህ ጉድለት አይደለም፣ ትኩስ የመሆኑ ምልክት ነው።

በብዙ ዘይት ለሚጠበስ ነገር የሱፍ ዘይት ይያዙ። የኑግ ዘይት ለዚህ አይሆንም፤ የራሱ ጣዕም ጎልቶ ይወጣል። ንጥር ቅቤም እንደዚያው። ኮረሪማና ኮሰረት የገባበት ቅቤ ስልስ ውስጥ ከገባ የምትቀምሱት እሱን ብቻ ነው። ቅቤ የሚፈልግ የሰሜን ጣሊያን ምግብ ከሠራችሁ የገበታ ቅቤ፣ ጨው የሌለውን ተጠቀሙ።

5. ጨዋማዎቹን አትዝለሉ።

ሰው ብዙ ጊዜ የሚተዋቸው እነዚህን ነው፤ «የሲሲሊ ጣዕም» የሚባለውን የሚሰጡት ግን እነሱ ናቸው።

አንቾቪ ትንሽ ዓሣ ነው፤ በጨው ወይም በዘይት ይታሸጋል። በጋለ የወይራ ዘይት ውስጥ በእንጨት ማንኪያ ሲጫኑት ይሟሟል። ከሟሟ በኋላ ዓሣ ዓሣ አይልም፤ የሥጋ መረቅ የሚሰጠውን ጥልቀት ይሰጣል። የሲሲሊዋ ሻካ ከተማ በዚህ ትታወቃለች። በጨው ያለውን ከገዛችሁ በቀዝቃዛ ውሃ እጠቡት፣ ለሁለት ክፈቱት፣ አጥንቱን ከራሱ በኩል ሳቡት። ለጀማሪ በዘይት ያለው ይቀላል።

> ማስጠንቀቂያ፦ አንቾቪ እንደ ቱና ቆርቆሮ ጀርሙ ሙሉ በሙሉ በሙቀት የተገደለ አይደለም። ሳይከፈትም ፍሪጅ ውስጥ ይቀመጥ። ከተከፈተ በኋላ በዘይት ወይም በጨው ተሸፍኖ ይቆይ።

ካፐር የቁጥቋጦ እምቡጥ ነው። ከሲሲሊ በስተደቡብ ምዕራብ ካለችው የፓንተለሪያ ደሴት የሚመጣው ስሙ የተጠበቀ ነው። በአቼቶ ከተቀመጠው ይልቅ በጨው ያለውን ግዙ፤ አቼቶው የእምቡጡን መዓዛ ይሸፍነዋል። ከመጠቀማችሁ በፊት ጨውን አራግፉ፣ 20 ደቂቃ ያህል በውሃ ዘፍዝፉ፣ ውሃውን አንዴ ቀይሩ። ይህን ካላደረጋችሁ ምግቡ ይበላሻል። በእነዚህ ነገሮች ስትሠሩ ድስቱ ውስጥ ሌላ ጨው የምትጨምሩት በመጨረሻ ቀምሳችሁ ነው።

የወይራ ፍሬ አጥንቱ ያልወጣውን ግዙ። አጥንቱ የወጣው ውሃ ጠጥቶ ይላላል።

ቱና በወይራ ዘይት ያለው ይሻላል፤ ዘይቱን አትድፉት፣ ስልሱ የሚጀመረው በእሱ ነው። ዓሣ በጾም የማትበሉ ከሆነ አንቾቪና ቱናውን ትታችሁ ካፐርና የወይራ ፍሬውን እጥፍ አድርጉ።

6. ቅመምና ቅጠል፦ ምን ምንን ይተካል?

ጥያቄው የሚበዛው እዚህ ላይ ስለሆነ ዘርዘር ላድርገው።

*ኦሬጋኖ።* የሲሲሊው ከነግንዱ ደርቆ በእቅፍ ይሸጣል። ካልተገኘ የማንኛውም አገር የደረቀ ኦሬጋኖ ይሆናል። ጦስኝ ዘመዱ ቢሆንም ጣዕሙ ሌላ ነው፤ ለሥጋና ለድንች እንጂ ለቲማቲም አልመክረውም።

*በሶብላ።* የጣሊያኑ ባዚሊኮና የእኛ በሶብላ አንድ ዝርያ ናቸው፤ የእኛው ግን ጠንከር ያለ፣ ወደ ቅርንፉድ የሚያደላ ሽታ አለው። ለስልስ ጥቂት ቅጠል ይበቃል። ለፔስቶ ግን የጣሊያኑን ዘር አምጥታችሁ በማሰሮ ትከሉ። የደረቀ ባዚሊኮ አትግዙ፤ ሲደርቅ መዓዛው ይጠፋል።

*የጥብስ ቅጠል።* ሮዝመሪ ነው፤ እንዳለ ይሠራል። ከነጭ ቦሎቄና ከተጠበሰ ድንች ጋር ድንቅ ነው።

*እንስላል።* ይህ ለእኛ ዕድል ነው። ሲሲሊዎች ለሰርዲን ፓስታና ለባቄላ ሾርባ የሚጠቀሙበት የዱር ፊኖኪዮ ቅጠል እንስላል ነው። ውጭ አገር ያሉ አብሳዮች አጥተውት ሌላ ቅጠል ይተካሉ፤ አገር ቤት ግን በየጓሮው አለ። ለምለሙን ቅጠል ቀቅሉ፣ ጭመቁ፣ ከትፋችሁ ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጡ። የተቀቀለበትን ውሃም አትድፉት፤ ፓስታውን የምትቀቅሉት በእሱ ነው።

*ቃሪያ።* ሙሉ የደረቀ ትንንሽ ቃሪያ ግዙና ራሳችሁ ፍጩት። ሚጥሚጣ አይሆንም፤ ኮረሪማና ጨው አለበት። በርበሬም አይሆንም።

*ገውዝ።* ለነጭ ስልስ፣ ሙሉውን ፍሬ ገዝታችሁ በመፈቅፈቂያ። ዱቄቱ ቶሎ ይሞታል።

*ሳፍሮን።* ክሩን ግዙ፣ ዱቄቱን ተዉት። እርድ ቀለሙን ይሰጣል፣ ጣዕሙን አይሰጥም።

7. የሽምብራ ዱቄት፣ ጥራጥሬና ሩዝ።

የፓሌርሞ የመንገድ ምግብ የሆነው ፓኔሌ የሚሠራው ከሽምብራ ዱቄት፣ ከውሃና ከጨው ነው። ሽሮ አይደለም። ሽሮ ተቆልቷል፣ ቅመምም አለበት፤ ውሃ ስትጨምሩበት ወጥ እንጂ ፓኔሌ አይሆንም። የሚያስፈልገው ጥሬ፣ ያልተቆላ የሽምብራ ክክ ዱቄት ነው።

ወፍጮ ቤት ስትወስዱት በርበሬ ወይም ሽሮ ከተፈጨ በኋላ ወዲያው እንዳይፈጩላችሁ ጠይቁ። ጤፍ ወይም ስንዴ ተፈጭቶ ካለቀ በኋላ ይሁን። ቤት ስትመለሱ በደቃቅ ወንፊት ንፉት።

ዱቄቱ ትክክል መሆኑን ለማየት አንድ ጊዜ ሞክሩት። 250 ግራም ዱቄት በ750 ሚሊ ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ በጥብጡ፣ ጨው ጨምሩ። ቀዝቃዛ የሆነበት ምክንያት ጓል እንዳይሠራ ነው። መካከለኛ እሳት ላይ ሳታቋርጡ አማስሉ፤ እንደ ገንፎ ወፍሮ ከድስቱ ጠርዝ ሲላቀቅ የተከተፈ ፓርስሊ ጨምሩና ትሪ ላይ በስሱ ዘርጉት። ሲቀዘቅዝ ቆርጣችሁ በሱፍ ዘይት ጥበሱት። ሎሚ ጨምቁበትና ዳቦ ውስጥ አድርጋችሁ ብሉት። እንቁላል የለ፣ ወተት የለ፣ የጾም ነው።

ከጥራጥሬ ሽምብራ፣ ነጭ ቦሎቄ፣ ምስርና የባቄላ ክክ ይኑሩ። ደረቁን ግዙና በሌሊት ዘፍዝፉ። ከፍታ ላይ ያላችሁ ያለ ፕሬዠር ማሰሮ ብትቀቅሉ ሽምብራው ግማሽ ቀን ሊወስድባችሁ ይችላል። የዘንድሮ ምርት መሆኑንም ጠይቁ፤ ሁለትና ሦስት ዓመት የቆየ ሽምብራ ምን ብትቀቅሉት ላይለሰልስ ይችላል። በአንድ ጊዜ ብዙ ቀቅላችሁ በየላስቲኩ ከነውሃው ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጡ።

> ማስጠንቀቂያ፦ ጂ6ፒዲ የሚባለው ኢንዛይም በትውልድ የሚያንሳቸው ሰዎች ባቄላ መብላት የለባቸውም፤ ቀይ የደም ሴሎቻቸው ሊፈርሱ ይችላሉ። ለእንግዳ ከማቅረባችሁ በፊት ጠይቁ። ስለ አልመንድና ፒስታቺዮ አለርጂም እንዲሁ።

ዱቄት ላይ ብዙ አትድከሙ። ለኬክና ለእንቁላል ፓስታ ፉርኖ ዱቄት ይበቃል። «ዜሮ ዜሮ» የሚለው የዱቄቱን ንጣትና ንጻት እንጂ ጥንካሬውን አይናገርም። ለሲሲሊ ዳቦና ያለ እንቁላል ለሚሠራ የእጅ ፓስታ ግን ሁለቴ የተፈጨ ደቃቅ ሰሞሊና ያስፈልጋል። ለገንፎ የሚሸጠው ሻካራው ውሃ በደንብ ስለማይጠጣ ሊጡ ይሰነጠቃል።

ሩዝ አርቦሪዮ ወይም ካርናሮሊ። ስታርቹ ነው የሚፈለገው፣ ስለዚህ አይታጠብም። ባስማቲ አይሆንም። የባሕረ ሰላጤ አገሮችና እስራኤል ያላችሁ አጭሩን የግብፅ ሩዝ ለአራንቺኒ (ተድቦልቡሎ ለሚጠበስ ሩዝ) ብትጠቀሙ ጥሩ ይወጣል።

8. የተጠበሰ የዳቦ ፍርፋሪ ራሳችሁ ሥሩ።

አይገዛም። የደረቀ ነጭ ዳቦ ውሰዱ፤ ቅመም ያለበት ድፎ ዳቦ አይሁን። በመፈቅፈቂያ ፍጩት። አንድ ብርጭቆ ፍርፋሪ በሁለት የሾርባ ማንኪያ የወይራ ዘይት፣ መካከለኛ እሳት ላይ፣ ሳታቋርጡ እያማሰላችሁ ወርቃማ እስኪሆን ጥበሱት። ወዲያው ወደ ሳህን ገልብጡት፤ መጥበሻው ውስጥ ከተተወ እሳቱ ቢጠፋም ማረሩን ይቀጥላል።

ሲሲሊዎች ይህን ፓስታ ላይ በፎርማጆ ፋንታ ይነሰንሱታል፤ በተለይ ዓሣ ባለበት ፓስታ ላይ። ያልተጠበሰው ፍርፋሪ በደረቅ ማሰሮ ሳምንታት ይቆያል። ዘይት የነካውን በሳምንት ጨርሱት።

9. ፎርማጆ ቁራጩን ግዙ።

ተፈጭቶ በላስቲክ የሚሸጠው እንዳይጣበቅ ሴሉሎስ ወይም ስታርች ይገባበታል፤ ስልስ ውስጥም በደንብ አይቀልጥም። ፓርሚጃኖ ሬጃኖ ቢያንስ 12 ወር የቆየ ነው፤ ግራና ፓዳኖ ከ9 ወር ጀምሮ ስለሚሸጥ ረከስ ይላል፣ ለዕለት ምግብም አያሳፍርም። ፔኮሪኖ የበግ ወተት ነው፤ ጨዋማ ስለሆነ መጠኑ ይቀንስ።

በዘይት ወረቀት ጠቅልሉ፣ ከዚያ በላስቲክ። በላስቲክ ብቻ ከተጠቀለለ ይላብና ይሻግታል። ጠንካራውን ቅርፊት አትጣሉት፤ ታጥቦ ቦሎቄ ወይም ሾርባ ውስጥ ይቀቀላል። አይብ ግን በጨው የደረቀውን ሪኮታ (ከአጓት የሚሠራ የጣሊያን አይብ) አይተካም። አይብ እርጥብና ኮምጣጣ ነው፤ በደርበጃኑ የካታኒያ ፓስታ ላይ የሚያስፈልገው ደረቅና ጨዋማ ነው።

10. ኮምጣጣውና ጣፋጩ።

ካፖናታ የሚባለው የደርበጃን ምግብ ዘቢብ፣ ካፐር፣ የወይራ ፍሬ፣ አቼቶና ስኳር ይፈልጋል። አቼቶው የወይን ይሁን። ተራው ነጭ አቼቶ ስለታም ነው፤ ሌላ ከሌለ በውሃ አቅጥኑት። አልኮል የማትጠቀሙ፣ ወይም አልኮል በማይሸጥበት አገር ያላችሁ፣ ወይን ጠጅ በሚልበት ሁሉ ትንሽ የወይን አቼቶ በውሃ አድርጉ።

የጥድ ፍሬ ውድ ነው። የተከተፈ አልመንድ ይተካዋል። ሁሉም ለውዝ ነክ ነገር ፍሪዘር ውስጥ ይቀመጥ፤ ዘይታቸው በክፍል ሙቀት በጥቂት ወር ይከረፋል።

11. አሽጉ፣ ጻፉ፣ ነቀዝን ቀድሙት።

ዱቄት፣ ሰሞሊናና ጥራጥሬ ቤት እንደገቡ ለ4 ቀን ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጡ። ከሱቅ አብሮ የመጣውን የነቀዝ እንቁላል ብርዱ ይገድለዋል። ካወጣችሁ በኋላ እሽጉ ሳይከፈት ወደ ክፍል ሙቀት ይመለስ፤ ቶሎ ከተከፈተ እርጥበት ይይዘውና ይሻግታል። ከዚያ ወደ ማሰሮ። የተከፈተበትን ቀን ክዳኑ ላይ ጻፉ። አዲስ ሲገዛ ከኋላ፣ የቆየው ከፊት።

> ማስጠንቀቂያ፦ ነጭ ሽንኩርት ወይም ትኩስ ቅጠል ዘይት ውስጥ ዘፍዝፋችሁ መደርደሪያ ላይ አታስቀምጡ። አየር በሌለበት ዘይት ውስጥ ቦቱሊዝም (ገዳይ የምግብ መመረዝ) የሚያመጣው ባክቴሪያ ይራባል፤ ሽታም መልክም አይቀይርም። ፍሪጅ ውስጥ ቢሆንም በ4 ቀን ውስጥ ይለቅ።

12. ሁለተኛውን ዙር ከመግዛታችሁ በፊት አራት ምግብ ሥሩ።

ከመጀመሪያው ዙርና ከደረቀ ዳቦ ብቻ፦
- ስፓጌቲ በነጭ ሽንኩርት፣ በወይራ ዘይትና በቃሪያ
- ስፓጌቲ በአንቾቪና በተጠበሰ ፍርፋሪ
- ሪጋቶኒ በቱና፣ በቲማቲምና በካፐር
- ዲታሊኒ በሽምብራ

እነዚህን የምታስቀድሙት የትኛው ዕቃ ቤታችሁ ውስጥ ቶሎ እንደሚያልቅ ስለሚያሳዩዋችሁ ነው። ካፐሩ ሳይነካ ከቀረ ፒስታቺዮ ለመግዛት ገና ነው።

በብዛት የማያቸው ስህተቶች

- ነጭ ሽንኩርቱን እንደ ወጥ ሽንኩርት ማቁላላት። ቢጫ ሳይሆን መቆም አለበት፤ ቡናማ ከሆነ ይመራል፣ ያንን ዘይት ድፉት።
- «የጣሊያን ቅመም» ተብሎ የተቀላቀለውን ገዝቶ ሁሉም ነገር ላይ መነስነስ። ሁሉም ምግብ አንድ ዓይነት ይሆናል።
- የፓስታ ውሃ ውስጥ ዘይት መጨመር። መጣበቅን የሚከላከለው ብዙ ውሃና የመጀመሪያው ደቂቃ ማማሰል ነው። ዘይቱ ስልሱ እንዳይይዝ ነው የሚያደርገው።
- ፓስታውን በቀዝቃዛ ውሃ ማጠብ። ስልሱን የሚያጣብቀው ስታርች ታጥቦ ይሄዳል። ይልቅ አንድ ጭልፋ የተቀቀለበትን ውሃ አስቀሩና ስልሱ ውስጥ ጨምሩ።
- የካፐርና የአንቾቪ ጨው ሳይቆጠር ድስቱን መጀመሪያ ላይ ጨው ማድረግ።
- ፔስቶን እሳት ላይ ማሞቅ። ቅጠሉ ይጠቁራል፤ ትኩሱ ፓስታ ራሱ ያሞቀዋል።
- በቅናሽ ሰሞን ሃያ ቆርቆሮ ቲማቲም መግዛት። አራት ይኑራችሁ፤ ሁለት ሲቀር ሁለት ግዙ።